የተከራዮቹን ዝርዝር ማን ጻፈው?

ስለ ንግድ ሕንፃ ግዢ፣ ሽያጭና ብድር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱን በዚህ እትም አቅርበናል። ጸሐፊዎቹ ስማቸው እንዳይወጣ ስለጠየቁ የሚኖሩበትን ከተማ ብቻ ጠቅሰናል። መልሱን ያዘጋጁት ለብዙ ዓመታት በባንክ የብድር ክፍል የሠሩት የዓምዳችን አማካሪ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ስድስት ጓደኛሞች ነን። አብዛኞቻችን በታክሲና በፓርኪንግ ሥራ ከ20 ዓመት በላይ ያጠራቀምነውን ገንዘብ አዋጥተን እዚሁ ቨርጂኒያ ውስጥ ዘጠኝ ሱቆች ያሉት አነስተኛ ፕላዛ ልንገዛ ተስማምተናል። ሻጩ የተከራዮቹን ስም፣ የሚከፍሉትን ኪራይና ውላቸው የሚያበቃበትን ቀን የያዘ ባለ ሁለት ገጽ ዝርዝር ሰጥቶናል። በዝርዝሩ መሠረት አንድም ባዶ ሱቅ የለም፤ ዋጋውም ከኪራዩ ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ነው። ከመካከላችን አንዱ «ሕንፃው በዓይናችን የምናየው ነገር ነው፤ በምን ሊያታልሉን ይችላሉ?» ይላል። እኔ ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ።
— አንባቢ፣ ከአሌክሳንድሪያ

መልስ፦ እንቅልፍ ማጣትዎ ያለ ምክንያት አይደለም። ጓደኛዎ እንዳሉት ሕንፃው በዓይን ይታያል፤ እናንተ የምትገዙት ግን ከግድግዳው ይልቅ ኪራዩን ነው፣ ኪራይ ደግሞ በዓይን አይታይም። መኖሪያ ቤት የሚገዛ ሰው በሰፈሩ ሌሎች ቤቶች የተሸጡበትን ዋጋ አይቶ ይወስናል። የንግድ ሕንፃ ዋጋ ግን በአመዛኙ የሚሰላው በዓመት ከሚያስገባው የተጣራ ገቢ ተነሥቶ ነው። ገዢው ለገንዘቡ በዓመት 8 በመቶ ይበቃኛል ካለ፣ 240,000 ዶላር የተጣራ ገቢ ያለው ፕላዛ 3 ሚሊዮን ዶላር ያወጣል። አሁን ሻጩ በወር 2,000 ዶላር የሚከፍል አንድ የሌለ ተከራይ በዝርዝሩ ላይ ጨመረ እንበል። ለተመልካች በዓመት 24,000 ዶላር ብቻ የዋሸ ይመስላል፤ በመሸጫው ዋጋ ላይ ግን 300,000 ዶላር ጨምሯል። ውሸቱ አሥራ ሁለት ጊዜ ተኩል ተባዝቶ ከስድስታችሁ ኪስ ይከፈላል። በዚህ ሥራ ማጭበርበር አብዛኛውን ጊዜ ከኪራይ ዝርዝሩና ከወለሉ ስፋት የሚጀምረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱን የያዘ ሰው ዋጋውን ይዟል።

ባንኮችም ሳይቀሩ በዚህ ተታለዋል። ዩርገን ሽናይደር የሚባል ጀርመናዊ የሕንፃ ባለሀብት በፍራንክፈርት ዋና የገበያ ጎዳና በሳይል ላይ የገበያ ማዕከል ሲያሠራ፣ ለአበዳሪው ለዶይቸ ባንክ ባቀረበው ሰነድ የሚከራየው ወለል 20,000 ካሬ ሜትር ነው ብሎ ነበር። እውነተኛው ስፋት 9,000 ያህል ነው። በግንባታው ቦታ የተተከለው ሰሌዳ ትክክለኛውን ቁጥር ለመንገደኛው ሁሉ ያሳይ ነበር፤ የባንኩም ዋና መሥሪያ ቤት የሚገኘው እዚያው ከተማ ነው። ሰነዱን ይዞ ወጥቶ ከሰሌዳው ጋር ያስተያየ ግን አልተገኘም። ሰውየው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1994 ከ5 ቢሊዮን ማርክ በላይ ዕዳ ትቶ ከአገር ጠፋ፤ በሜይ 1995 ማያሚ ላይ ተያዘ፤ በ1997 መጨረሻም የ6 ዓመት ከ9 ወር እስራት ተፈረደበት። የባንኩ የበላይ ኃላፊ ያልተከፈላቸውን የግንባታ ባለሙያዎች ሒሳብ፣ 50 ሚሊዮን ማርክ ያህሉን፣ በጋዜጠኞች ፊት «ኦቾሎኒ» ብለው አቃለውት ነበር፤ ቃሉም በጀርመን የዚያ ዓመት አስከፊ ቃል ተብሎ ተመረጠ። ደመወዝ ለሚጠብቀው ቧንቧ ሠራተኛ ኦቾሎኒ አልነበረም።

ወደ እናንተ ፕላዛ ልመለስ። በኪራይ ዝርዝር ላይ የሚሠራው ተንኮል የሌለ ተከራይ በመጨመር ብቻ አይወሰንም። እንዲያውም እሱ የጀማሪ ሥራ ነው ማለት እችላለሁ። ልምድ ያለው ሻጭ እውነተኛ ተከራይ ያስገባና በውሉ ላይ ከፍ ያለ ኪራይ ይጽፋል፤ ከውሉ ጎን ደግሞ «የመጀመሪያዎቹን ዘጠኝ ወራት አትከፍልም» የሚል ገዢው የማያየው ደብዳቤ ይሰጠዋል። ሌላው የእህቱን ልጅ ወይም የቀድሞ ሠራተኛውን ስም ተጠቅሞ ሱቅ ያስከፍታል፤ ሱቁ ሽያጩ እስኪፈጸም ድረስ መብራት ያበራል፣ በሁለተኛው ወር ይዘጋል። ከስድስት ወር ወዲህ ኪራይ ያልከፈለ ተከራይም በዝርዝሩ ላይ ስሙ እንደ ጤነኛ ተከራይ ይቆያል። በወጪ በኩል ደግሞ የሚያፈስ ጣሪያ፣ የተጓተተ ጥገናና ሻጩ ራሱ በነፃ የሚሠራው የአስተዳደር ሥራ ከሒሳቡ ይጠፋሉ፤ የተጣራው ገቢም ያለ ላቡ ይወፍራል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ከእያንዳንዱ ተከራይ «ኢስቶፔል ሰርተፊኬት» የሚባለው የማረጋገጫ ደብዳቤ እንዲመጣ በግዢ ውላችሁ ውስጥ ቅድመ ሁኔታ አድርጉት። ተከራዩ በዚህ ደብዳቤ ምን ያህል እንደሚከፍል፣ እስከ መቼ እንደከፈለ፣ ምን ያህል ማስያዣ እንዳስያዘና ከውሉ ውጭ ሌላ ስምምነት እንደሌለው በፊርማው ያረጋግጣል። ድብቁን ደብዳቤ የሚያወጣው ይህ የመጨረሻው መስመር ነው። ሻጩ «አንዱ ተከራይ ውጭ አገር ነው፣ ሲመጣ ይፈርማል» ካላችሁ እስኪመጣ ጠብቁ። ቀጥሎ የ24 ወር የባንክ መግለጫ ጠይቁና በዝርዝሩ ላይ ያለው ኪራይ ሒሳቡ ውስጥ በየወሩ መግባቱን መስመር በመስመር አመሳክሩ፤ ሻጩ ለግብር ሰብሳቢው ያሳወቀውን የኪራይ ገቢም ከዚህ ጋር አስተያዩት። ለገዢ ትልቅ ቁጥር፣ ለግብር ትንሽ ቁጥር የሚያሳይ ሻጭ ከሁለቱ አንዱን እየዋሸ ነው፤ የትኛውን እንደሆነ የማጣራቱ ሸክም በእናንተ ላይ መውደቅ የለበትም።

አንድ የራሴን ገጠመኝ ልጨምር። በባንክ ሳለሁ ለብድር መያዣ የቀረበ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ለማየት ሄጄ ሦስተኛው ፎቅ ላይ በስድስት በሮች የድርጅት ስም ተለጥፎ አገኘሁ። የአንደኛውን ወረቀት ጫፍ ብነካው ሙጫው አልደረቀም። ደረጃ የምትጠርገውን ሴት ስለ ቢሮዎቹ ብጠይቃት «እነሱን እንኳ አላጸዳም፣ ቁልፋቸውም የለኝም» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ከባለቤቱ በፊት የማናግረው ዘበኛውንና የጽዳት ሠራተኛዋን ነው። እናንተም ስድስት ናችሁ፤ ማክሰኞ ጠዋት አንዳችሁ፣ ቅዳሜ ማታ ሌላችሁ እየሄዳችሁ ከየሱቁ አንድ ነገር ግዙ።

ጥያቄ፦ በማኅበረሰባችን ዘንድ የተከበረ ሰው በአትላንታ የቢሮ ሕንፃ ለመግዛት ከእያንዳንዳችን ከ50,000 ዶላር ጀምሮ እየሰበሰበ ነው። በዓመት 14 በመቶ ትርፍ ቃል ገብቷል። ገንዘቡ የሚገባው በእሱ ድርጅት የባንክ ሒሳብ ነው። ሁሉም ስለሚያምነው ወረቀት መጠየቅ እንደ ስድብ እየተቆጠረ ነው። ምን ይመክሩኛል?
— አንባቢ፣ ከአትላንታ

መልስ፦ በራስዎ ከተማ የሆነውን በማስታወስ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ2022 የኒውዮርክ አንድ የሕንፃ ባለሀብት «አትላንታ ፋይናንሺያል ሴንተር» የተባለውን በበክሄድ ሰፈር የሚገኝ የቢሮ ሕንፃ እገዛለሁ ብሎ፣ በማያሚ ቢች ካለ ሌላ ንብረት ጋር፣ በኢንተርኔት አማካይነት ከ800 ከሚበልጡ ሰዎች ወደ 63 ሚሊዮን ዶላር ሰበሰበ። ገንዘቡ ለብቻው ተለይቶ እንዲቀመጥና ለእነዚህ ንብረቶች ብቻ እንዲውል ነበር ቃሉ። ሰውየው ግን አብዛኛውን ወደ ራሱ ሒሳቦች አዛወረው፤ ከፊሉን ውድ የእጅ ሰዓት ገዛበት፣ ከፊሉንም በመውደቅ ላይ በነበረው በፈርስት ሪፐብሊክ ባንክ አክሲዮን ላይ ቆመረበት። ባንኩ በሜይ 2023 ተወረሰ፤ ገንዘቡም አብሮ ሄደ። ሰውየው ጥፋቱን አምኖ በ2025 የ87 ወር እስራት ተፈርዶበታል።

በዚህ ጉዳይ ልብ ሊባል የሚገባው ሕንፃው በእርግጥ መኖሩ ነው። ባለሀብቱም በሙያው የታወቀ ነበር። የጎደለው አንድ ነገር ነው፦ ገንዘቡ ግዢው እስኪፈጸም ድረስ በሦስተኛ ወገን እጅ አልቆየም። ስለዚህ የእርስዎ ጥያቄ ስለ ሰውየው ጠባይ መሆን የለበትም። ገንዘቡ ለምን በኤስክሮ፣ ማለትም ግዢውን በሚያስፈጽመው የታይትል ድርጅት ወይም ጠበቃ የአደራ ሒሳብ አይቀመጥም ብለው ይጠይቁ፤ ግዢው እስከ ተወሰነ ቀን ካልተፈጸመ ገንዘቡ ተመላሽ እንደሚሆንም በጽሑፍ ይስፈር። ሐቀኛ ሰብሳቢ ይህን ሲሰማ አይቀየምም፤ እንዲያውም እሱንም ከሐሜት ያድነዋል። የዕቁብ ዳኛም እኮ ዋስ ይጠራል፤ ዋስ ጥሩ የተባለ ሰው ተሰድቤያለሁ ብሎ ዕቁቡን ሲያፈርስ አላየሁም።

ስለ 14 በመቶው ደግሞ ገና ያልተገዛ ሕንፃ ምን ያህል እንደሚያተርፍ አስቀድሞ ቃል መግባት የሚችል ሰው የለም። «እጠብቃለሁ» ማለትና «እከፍላለሁ» ማለት ይለያያሉ። ትርፉ በየሩብ ዓመቱ ሳይዛነፍ ቢመጣ እንኳ ከኪራይ መምጣቱን ይጠይቁ፤ ከኋላ የገቡት ሰዎች ገንዘብ ለፊተኞቹ እንደ ትርፍ የሚታደልበት አሠራር ብዙ የስደተኛ ማኅበረሰቦችን ያራቆተ የቆየ ዘዴ ነው። በአሜሪካ በዚህ መንገድ ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ፎርም ዲ» የተባለውን ማስታወቂያ ለዋስትናዎች ተቆጣጣሪው ኮሚሽን የማስገባት ግዴታ አለበት፤ ማንም ሰው በኮሚሽኑ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይፈልገዋል። ማስታወቂያው መኖሩ ኮሚሽኑ ሥራውን አጽድቆታል ማለት እንዳልሆነ ግን ያስታውሱ። በመጨረሻም ገንዘብ በሚልኩበት ቀን «የባንክ ቁጥራችን ተቀይሯል» የሚል ኢሜይል ከደረሰዎ፣ በኢሜይሉ ላይ ወዳለው ስልክ አይደውሉ፤ ቀድሞ በሚያውቁት ቁጥር ደውለው በድምፅ ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ ገርጂ አካባቢ ባለ ሕንፃ ላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለ ሱቅ ለመግዛት ተስማምቻለሁ። ሻጩ ውልና ማስረጃ በሚፈረመው ውል ላይ የዋጋውን ግማሽ ብቻ እንጻፍ፣ ቀሪውን በመካከላችን በሚጻፍ ሌላ ወረቀት ትከፍለኛለህ፣ ግብሩም ይቀልልናል ይላል። ደላላው «ሁሉም የሚያደርገው ነው» ብሎኛል። በተጨማሪ ሕንፃው በባንክ መያዣ እንደሆነ ሰምቻለሁ፤ ሻጩ ግን በቅርቡ ይለቀቃል ብሎኛል።
— አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ደላላው ያሉት ልማድ መኖሩን አልክድም። ልማድ መሆኑ ግን እርስዎን ከሁለት አደጋዎች አያድንዎትም። የመጀመሪያው ከመንግሥት ጋር የሚመጣው ነው፤ ሐሰተኛ ዋጋ ባለበት ሰነድ ላይ የሚፈርሙት ሁለታችሁም ናችሁና ጥፋቱን ሻጩ ብቻውን አይሸከመውም። ሁለተኛው ከሻጩ ጋር የሚመጣው ነው፤ በእኔ አስተያየት ለእርስዎ የሚከፋውም ይኸኛው ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። ነገ ውሉ በማናቸውም ምክንያት ቢፈርስና ገንዘብዎን መልስልኝ ቢሉ፣ ሻጩ የተመዘገበውን ውል አውጥቶ «የተቀበልኩት ይህንን ነው» ይልዎታል። ሁለተኛው ወረቀት ያልተመዘገበ ከመሆኑም በላይ፣ እርስዎ እሱን ማቅረብዎ በመጀመሪያው ላይ ዋሽተው መፈረምዎን ማመን ይሆናል። ምስክር እጠራለሁ ቢሉም፣ ሕጉ በጽሑፍ እንዲደረግ ያዘዘውን ውል በሰው ምስክር ማስረዳት የሚፈቅደው ሰነዱ መጥፋቱ፣ መሰረቁ ወይም መውደሙ ሲረጋገጥ ነው። በግማሽ ዋጋ የተጻፈ ውል የገንዘብዎን ግማሽ ያለ ደረሰኝ ለሻጩ እንደ መስጠት ነው።

የሚያስደንቀው፣ በአሜሪካ ተመሳሳይ የሁለት ወረቀት ዘዴ በተገላቢጦሽ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2019 በሲንሲናቲ ከተማ ለኪራይ የሚውል ትልቅ የአፓርትመንት ግቢ በ70 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጥ ገዢዎቹ ለአበዳሪው ያሳዩት ውል 95.85 ሚሊዮን ዶላር ይል ነበር፤ የሽያጩ ማጠቃለያም በእውነተኛውና በሐሰተኛው ዋጋ ሁለት ጊዜ ተፈጸመ። ባንኩ ያበደረው 74.25 ሚሊዮን ነው፤ ገዢዎቹ ከኪሳቸው አውጥተው መክፈል ሲገባቸው ብድሩ ራሱ ከእውነተኛው ዋጋ በላይ ሆነ። ጉዳዩ ከተጋለጠ በኋላ ተሳታፊዎቹ በወንጀል ጥፋተኞች ተብለዋል። እዚያ ለባንክ ሲሉ ዋጋ ይሰቅላሉ፣ እዚህ ለግብር ሲሉ ያወርዳሉ፤ በሁለቱም ቦታ ሁለተኛውን ወረቀት የፈረመ ሰው በሌላው እጅ ይገባል።

ስለ መያዣው አጭር መልስ አለኝ፦ ሳይለቀቅ አይክፈሉ። የተመዘገበ የመያዣ መብት ሕንፃውን ተከትሎ ይሄዳል እንጂ ባለቤቱ ስለተቀየረ አይቀርም፤ ምዝገባውም ለ10 ዓመት ይጸናል። ባንኩ ዕዳው ካልተከፈለው በእርስዎ ስም የዞረውንም ሱቅ ሊያሸጥ ይችላል። ስለዚህ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ይዞታውን ከሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት እርስዎ ራስዎ ሄደው ይጠይቁ፤ ደላላው ያመጣልዎትን ቅጂ አይቀበሉ። ሻጩ ባንኩን የሚከፍለው ከእርስዎ ገንዘብ ከሆነ፣ ገንዘቡ በቀጥታ ለባንኩ የብድር ሒሳብ ይግባ፤ ባንኩም መያዣውን እንደሚለቅ በደብዳቤ ያረጋግጥ። ሱቁ የራሱ የተለየ ካርታ የሌለውና በጠቅላላው ሕንፃ ካርታ ውስጥ ያለ ከሆነ ደግሞ የሚገዙት ምን እንደሆነ ከመፈረምዎ በፊት ለጠበቃ ያሳዩ።

ጥያቄ፦ በአንድ የግል ባንክ የመያዣ ንብረት ገማች ነኝ። አንድ ትልቅ ደንበኛ ያቀረበውን የንግድ ሕንፃ ገምቼ ያስረከብኩት ቁጥር ለሚፈልገው ብድር አልበቃም። አለቃዬ «እንደገና ተመልከተው፣ አራተኛውና አምስተኛው ፎቅ ያለቀ አድርገህ አስላው» ብለውኛል። ሁለቱ ፎቆች ገና ዓምድ ብቻ ናቸው። እምቢ ብል ሥራዬን እፈራለሁ።
— አንባቢ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ፍርሃትዎ ይገባኛል፤ በዚያው ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። የሚከተለውን የምጽፈው ግን ላስፈራዎት ሳይሆን አለቃዎ የጠየቁዎት ነገር ወዴት እንደሚያደርስ እንዲያዩት ነው። በቬትናም ትሩዎንግ ሚ ላን የተባሉ የሕንፃ ባለሀብት ሳይጎን ኮሜርሻል ባንክን በሌሎች ሰዎች ስም ተቆጣጠሩት። የአገሩ ሕግ አንድ ግለሰብ ከባንክ አክሲዮን ከ5 በመቶ በላይ እንዳይዝ ይከለክል ነበር፤ እሳቸው ግን በወኪሎች አማካይነት ከ90 በመቶ በላይ ያዙ። በአሥር ዓመት ውስጥ ባንኩ ካበደረው 93 በመቶ ያህሉ ወደ እሳቸውና ወደ ድርጅቶቻቸው ሄደ። ለዚህ ሁሉ ብድር መያዣ የሆኑት ንብረቶች በወረቀት ላይ ዋጋቸው የተቆለለ ነበር። የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ ተቆጣጣሪ 5.2 ሚሊዮን ዶላር ጉቦ ተቀብለው ሪፖርት አለሳለሱ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 11 ቀን 2024 በ86 ተከሳሾች ላይ ፍርድ ሲሰጥ ባለሀብቷ ሞት ተፈረደባቸው፤ በ2025 አገሪቱ ለዚህ ወንጀል የሞት ቅጣትን በማስቀረቷ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ከተከሳሾቹ መካከል የገማች ድርጅቶች ሰዎችም ነበሩ። እነሱም በጊዜው እንደ እርስዎ «እንደገና ተመልከተው» ተብለው ይሆናል።

በእኛ አገር የሙስና ወንጀሎችን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 881/2007 ከሕዝብ የተሰበሰበ ገንዘብ የሚያስተዳድሩ ድርጅቶችን «ሕዝባዊ ድርጅት» ብሎ በውስጡ አካቷል፤ የግል ባንክ ሠራተኛ ነኝ ማለት ከዚህ አያስወጣም። ብድሩ ሲበላሽ ፋይሉ ይከፈታል፤ በፋይሉ ውስጥ የሚገኘው ፊርማ የእርስዎ ነው፣ የአለቃዎ የቃል ትእዛዝ በውስጡ አይገኝም።

እምቢ ከማለት የሚቀልል መንገድ አለ። ለአለቃዎ በትሕትና «ያልተሠራ ፎቅ እንደ ተሠራ የሚገመትበትን መመሪያ በጽሑፍ ይስጡኝ፣ በዚያ መሠረት አዘጋጃለሁ» ይበሏቸው። በእኔ ልምድ እንዲህ ያለ ጥያቄ በአብዛኛው ጉዳዩን እዚያው ያቆመዋል። በራሳቸው ፊርማ ከጻፉልዎ ደግሞ ጉዳዩ የውስጥ ኦዲት ክፍል ይሆናል፤ ወረቀቱን ይዘው ወደዚያ ይሂዱ እንጂ በዚያ መመሪያ አይገምቱ። ሪፖርትዎ ላይ የጎበኙበትን ቀን፣ የለኩትን ስፋትና የተጠቀሙበትን የስሌት ዘዴ ያስፍሩ፤ የእያንዳንዱን ፎቅ ፎቶግራፍ ቀኑ እንዲታይ አድርገው ያያይዙ። አራተኛውና አምስተኛው ፎቅ በተገለጹበት መስመር ላይም «ዓምድ ብቻ» ብለው ይጻፉ።